ያስገባነው ኮድ የእኛ ነው



ዛሬ የምናገረው እኛ የሶፍትዌር ሠራተኞች በየቀኑ ስለምንሠራው፣ ግን እምብዛም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ ነው። ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለማንም ክፍት ያደረጉትን የኮድ ላይብረሪ በራሳችን ፕሮጀክት ላይ ስለመጫንና ለሥራችን እንዲስማማ አድርጎ ስለማዘጋጀት ነው። ተርሚናል እንከፍታለን፤ አንድ መስመር ትእዛዝ እንጽፋለን፤ ጥቂት ሰከንድ እንጠብቃለን፤ ላይብረሪው በትክክል መጫኑን የሚያበስር መልእክት ይመጣል፤ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

የምለው ነገር አንድ ነው። መልእክቱ ከመጣበት ቅጽበት ጀምሮ ያ ኮድ የእኛ ኮድ ሆኗል። የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ የሚጠየቅበት ግን ያስገባው ሰው ነው። ደንበኛችን ገንዘቡን፣ ታካሚው የጤና መረጃውን፣ ተማሪው ውጤቱን ያመነው ለእኛ ነው። የላይብረሪውን ጸሐፊ አያውቀውም። ጸሐፊውም ቢሆን ይህን አስቀድሞ ነግሮናል። ኤምአይቲ የሚባለውን ፈቃድ ወይም የአፓቺን ፈቃድ ከፍታችሁ አንብቡ፤ ሁለቱም ሶፍትዌሩ እንዳለ እንደሚሰጥና ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ይናገራሉ። እንግዲህ ዋስትናውን የምንሰጠው እኛ ከሆንን፣ እንዴት አድርገን ልንሰጠው እንደምንችል አብረን እንመርምር።

ከአንድ የታወቀ ላይብረሪ እንነሣ። ፓይተን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሪኩዌስትስን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን ሥራው ፕሮግራማችን በኢንተርኔት ከሌላ ሰርቨር ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ነው። ክፍያ ለማረጋገጥ፣ የስልክ መልእክት ለመላክ፣ የምንዛሪ ዋጋ ለመጠየቅ ይጠቅማል። «ፒፕ ኢንስቶል ሪኩዌስትስ» ብለን ስንጽፍ አንድ ላይብረሪ የጫንን ይመስለናል። ስክሪኑን ልብ ብለን ካነበብነው ግን የሚገቡት አምስት ናቸው። ዩአርኤልሊብ3፣ ሰርቲፋይ፣ አይዲኤንኤ እና ቻርሴት ኖርማላይዘር አብረው ይመጣሉ። ዩአርኤልሊብ3 ግንኙነቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው። ሰርቲፋይ ሞዚላ የሚያምናቸውን የዲጂታል ምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራማችን የሚያነጋግረው ሰርቨር እውነተኛው ይሁን አስመሳይ የሚለየው በዚህ ዝርዝር ነው። አይዲኤንኤ ከላቲን ፊደል ውጭ የተጻፉ የድረ ገጽ አድራሻዎችን ኢንተርኔቱ ወደሚቀበለው መልክ ይለውጣል። ቻርሴት ኖርማላይዘር የመጣው ጽሑፍ በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ ለመገመት ያገለግላል።

እነዚህ አራቱ በስም ያልጠራናቸው ናቸው፤ ያለ እነሱ ግን ሪኩዌስትስ አይሠራም። «ፒፕ ሾው ሪኩዌስትስ» ብላችሁ ብትጠይቁ ቨርዥኑን፣ ፈቃዱን፣ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ይህን ገጽ ማንበብ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የማያነበው ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ዓለም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አይቶታል። ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ላይብረሪው የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ የሚጽፍ ነው። አጥቂው መዝገቡ ውስጥ የሚገባ አንድ መስመር ጽሑፍ በመላክ ብቻ በሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የአደጋው ክብደት ከ10 10 ተሰጠው። ያን ሰሞን የየመሥሪያ ቤቱ የቴክኖሎጂ ክፍል መጀመሪያ የቀረበለት ጥያቄ «ሎግፎርጄ እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚል ነበር። ብዙዎች መመለስ አቃታቸው፤ ምክንያቱም ላይብረሪውን በቀጥታ አልጫኑትም፤ የጫኑት ሌላ ነገር ይዞባቸው ገብቶ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው አዲስ ቨርዥን ወጥቶ ሳለ፣ ምን እንዳላቸው የማያውቁ ሰዎች ምኑን እንደሚያድሱ ሳያውቁ ቀሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የምናስገባውን ነገር ምንጩን ማጣራት ነው። እናቶቻችን ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው አፍ እፍኝ አንሥተው አሸዋና እንክርዳድ እንደሌለው ሳያዩ ገንዘብ አያወጡም። ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ፓይፒአይ ላይ ጄሊፊሽ የሚባለውን የታወቀ ላይብረሪ ስም የወሰደ ሐሰተኛ ፓኬጅ ተገኘ። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነበር። በትንሹ ኤል ቦታ ትልቁ አይ ገብቷል፤ ሁለቱ በብዙ ፎንቶች ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስለሆኑ ዐይን አይለያቸውም። ፓኬጁ ከተጫነበት ኮምፒውተር የኤስኤስኤች ቁልፎችን ይሰርቅ ነበር። ስለዚህ የላይብረሪን ስም ከትዝታ ወይም ከቻት ላይ ገልብጦ መጫን አደገኛ ልማድ ነው። ስሙን ከፕሮጀክቱ ከራሱ ሰነድ ላይ እንውሰድ። ማን እንደሚያስተዳድረው፣ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ፣ የተነገሩ ችግሮች መልስ ያገኙ እንደሆነ እንይ።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ኤክስዜድ ዩቲልስ የሚባል ፋይል የሚያጨምቅ ፕሮጀክት አለ፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል። ይህን ፕሮጀክት ለረጅም ዓመታት የተሸከመው በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ራሱን በቅጽል ስም ያቀረበ ሰው ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታ ካተረፈ በኋላ አዲስ ቨርዥን የመልቀቅ ሥልጣን አገኘ። ከዚያም በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የስርቆሽ በር አስገባ። ተንኮሉን ያነቃው ክፍል ሰው ሁሉ በሚያየው የጂት ማከማቻ ላይ አልነበረም፤ የተደበቀው ታሽጎ በተለቀቀው ጥቅል ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ነገሩን ይፋ ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። ወደ ኮምፒውተር መግቢያው ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት «ለምን?» ብሎ ጠየቀና ሥሩን ቆፍሮ አገኘው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች ለብዙኃኑ ተጠቃሚ ባቀረቧቸው የጸኑ ቨርዥኖች ውስጥ ገና ስላልገባ ታላቅ ጥፋት ሳይደርስ ቀረ። ዘግየት ያለ ፕሮግራም፣ ያልተጠበቀ ማስጠንቀቂያ፣ የማይመስል የፋይል መጠን ሲገጥመን ዝም ብለን እንዳናልፍ ይህ ታሪክ ይመክረናል።

አሁን ወደ መጫኑ እንግባ። እዚህ ላይ ሁለት ደንቦች አሉ፤ መለየትና መመዝገብ።

መለየት ማለት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ቦታ መስጠት ነው። ፓይተን ከ3.3 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቬንቭ የሚባል መሣሪያ ይዞ ይመጣል። «ፓይተን ማይነስ ኤም ቬንቭ» ብለን የፎልደር ስም ስንሰጠው ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ የሚያገለግል አካባቢ ይሠራልናል። በአንዱ ፕሮጀክት የተጫነው ሌላውን አይነካም። ዴቢያን 12 እና የቅርብ ጊዜዎቹ ኡቡንቱዎች ላይ ያለ ቬንቭ ፒፕን ስትጠቀሙ አካባቢው በሌላ አካል እንደሚተዳደር የሚገልጽ ስሕተት ይመጣል። ብዙ ወጣቶች ይህን ሲያዩ ስሕተቱን በግድ የሚያልፍ ትእዛዝ ፈልገው ይጨምራሉ። ስሕተቱ የተቀመጠው ግን የኮምፒውተሩ ሥርዓት ራሱ የሚሠራበትን ፓይተን እንዳናበላሽ ነው። ትክክለኛው መልስ ቬንቭ መክፈት ነው።

መመዝገብ ማለት የገባውን ሁሉ ከነቨርዥኑ በፋይል ላይ ማስፈር ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩአርኤልሊብ3 ወደ 2.0 ቨርዥን ተሸጋገረ። አዲሱ ቨርዥን ከ1.1.1 በታች የሆኑ የኦፕንኤስኤስኤል ቨርዥኖችን አይቀበልም። ብዙም ሳይቆይ ሪኩዌስትስ ይህን አዲስ ቨርዥን መቀበል ጀመረ። ቨርዥን ሳይጠቅስ «ሪኩዌስትስ» ብቻ ብሎ የጻፈ ፕሮጀክት በአሮጌ ሰርቨር ላይ እንደገና ሲጫን ተሰበረ። ፕሮግራመሩ ከኮዱ አንዲት ነጥብ አልቀየረም፤ ትላንት የሠራው ትእዛዝ ዛሬም ያው ነው፤ ያመጣው ነገር ግን ሌላ ነው። በሪኳየርመንትስ ፋይሉ ላይ የእያንዳንዱን ቨርዥን ቁጥር ያሰፈረ ሰው ችግሩ አልነካውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

«ፒፕ ፍሪዝ» የተጫነውን ሁሉ፣ በስም ያልጠራናቸውን ጭምር፣ ከነቨርዥኑ ይዘረዝራል። ከዚህ አልፈን የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሃሽ ብንመዘግብ ደግሞ ፒፕ የወረደው ፋይል በአንድ ባይት እንኳ ቢለወጥ አልጭንም ይላል። በጃቫስክሪፕት የምትሠሩ የፓኬጅ ሎክ ፋይሉን ወደ ጂት አስገቡት፤ በሰርቨር ላይም «ኤንፒኤም ሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ እሱ ከሎክ ፋይሉ ዝንፍ አይልም።

መዝገቡ ያልተሟላ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ አዲስ አበባ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም እንየው። ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ የሰዓት ክልሎችን የሚያውቅ ዞንኢንፎ የሚባል ክፍል አለው። «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብለን ስንጠይቀው በሊኑክስ ላይ ወዲያው ይመልሳል። ያንኑ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ስናስኬደው የሰዓት ክልሉ አልተገኘም ብሎ ሊቆም ይችላል። ምክንያቱ ዞንኢንፎ የክልሎቹን ዝርዝር የሚያነበው ከኮምፒውተሩ ላይ መሆኑ ነው፤ ዊንዶውስ ይህን ዝርዝር በዚያ መልክ ይዞ አይመጣም። መፍትሔው ቲዜድዴታ የሚባለውን ፓኬጅ መጫንና በመዝገቡ ላይ ማስፈር ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ንግግር ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው እኛ ጋ ያለ፣ ግን ያልጻፍነው ነገር በመኖሩ ነው።

ጥሩ መዝገብ በአገራችን ሌላም ጥቅም አለው። ኢንተርኔት ውድ ነው፤ ይቆራረጣልም። በአንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ያለው ሠልጣኝ ሁሉ አንዱን ላይብረሪ በየራሱ ዳታ ቢያወርድ ገንዘብም ሰዓትም ይባክናል። አንድ ሰው «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ በመዝገቡ ላይ ያሉትን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ያውርድ፤ ፎልደሩን በፍላሽ ያዳርስ፤ ሌሎቹ «ኖ ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ ሊንክስ» የሚሉትን አማራጮች ጨምረው ከፎልደሩ ይጫኑ። ፒፕ ኢንተርኔት ሳይነካ ሥራውን ይጨርሳል። መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ያወረደው ኮምፒውተር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነትና የፓይተን ቨርዥን ከሚጫንባቸው ጋር መግጠም አለበት። አለዚያ የተዘጋጀው ጥቅል አይስማማም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ፣ ኮንፊገሬሽን ወደምንለው፣ እንምጣ። የላይብረሪ ጸሐፊ ነባሪ አሠራር የሚመርጠው የእኛን ሁኔታ ሳያውቅ ነው። ከሪኩዌስትስ ሦስት ምሳሌ ላንሣ።

መጀመሪያው የጊዜ ገደብ ነው። ሪኩዌስትስ በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። ሰርቨሩ መልስ ካልሰጠ ፕሮግራማችን ማብቂያ የሌለው ጥበቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኔትወርክ በሚዋዥቅበት ቦታ፣ ደንበኛው መክፈያው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለግንኙነት 3 ሰከንድ፣ ለመልስ 10 ሰከንድ ብሎ መወሰን አንዲት አጭር ቃል መጨመር ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገደቡ ሲያልፍ እንደገና እንሞክር ወይ የሚል ነው። መረጃ ለመጠየቅ ከሆነ እንሞክር። ክፍያ ለመፈጸም ከሆነ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ደርሶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳናጣራ ብንደግመው ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የዩአርኤልሊብ3 ጸሐፊዎች የድጋሚ ሙከራውን ሲሠሩ ፖስት የሚባለውን ጥያቄ በነባሪ ያላካተቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ማጣራቱ ነው። የኤስኤስኤል ስሕተት ሲመጣ ማጣራቱን የሚያጠፋ «ቬሪፋይ ፎልስ» የሚል አማራጭ ከሆነ ቦታ ገልብጦ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ስሕተቱ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ በኋላ ባንኩን ያነጋግር አስመሳይ ያነጋግር አያውቅም። የስሕተቱ መነሻ ብዙ ጊዜ የተዛባ የኮምፒውተር ሰዓት፣ ያረጀ ሰርቲፋይ፣ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ፕሮክሲ የሚጠቀምበት የራሱ ምስክር ወረቀት ነው። ሰዓቱን ማስተካከል፣ ሰርቲፋይን ማደስ፣ የመሥሪያ ቤቱን ምስክር ወረቀት ለላይብረሪው ማሳወቅ ይቻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና በሩን ከፍቶ ከመሄድ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው የገዛ ፊደላችን ጉዳይ ነው። አንድ ሰርቨር ተራ ጽሑፍ ሲልክ ኢንኮዲንጉን ካልገለጸ ሪኩዌስትስ ጽሑፉን የሚያነበው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው በአይኤስኦ 8859-1 ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባዕድ ምልክት ሆኖ ይነበባል፤ ከፊሉ ስክሪን ላይ ጭራሽ አይታይም። ብዙ ሰው ፎንት የጎደለው መስሎት ፎንት ፍለጋ ይባዝናል። ጽሑፉን ከማንበባችን በፊት የመልሱን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ብለን ብንወስን በአንድ መስመር ይስተካከላል። የቋንቋችንን ፍላጎት የምናውቀው እኛ ስለሆንን ይህን ማስተካከያ ሌላ ሰው አያደርግልንም።

በኮንፊገሬሽን ውስጥ ምስጢርም አለ፤ የይለፍ ቃል፣ የኤፒአይ ቁልፍ፣ የዳታቤዝ አድራሻ። እነዚህ በኮዱ ውስጥ አይጻፉ። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይቀመጡ፤ የሚጻፉበት ፋይልም ወደ ጂት እንዳይገባ ይከልከል። አንዴ የገባ ቁልፍ ፋይሉ ቢጠፋም ከጂት ታሪክ ውስጥ ይገኛልና ቁልፉን ራሱን መቀየር ግድ ነው። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሥርዓት መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል። ፈቃድንም በዚሁ ዐይን እንየው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ክፍት መሆኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ኤምአይቲ የጸሐፊውን የባለቤትነት መግለጫ እንድናቆይ ይጠይቃል። ጂፒኤል ደግሞ ኮዱን የያዘ ምርት ለሌላ ስናስተላልፍ ምንጩን በዚያው ፈቃድ እንድንሰጥ ያስገድዳል። ምርቱ ለደንበኛ ከተሸጠ በኋላ ይህን ማወቅ እጅግ የዘገየ ነው።

ውድ ታዳሚዎች፣ የመጨረሻው ነጥቤ ከሁሉም በላይ በልቤ ያለው ነው። እነዚህን ላይብረሪዎች የሚጠብቁት ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደክሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 ሌፍት ፓድ የሚባል 11 መስመር ያለው ፓኬጅ በጸሐፊው እጅ ከኤንፒኤም ላይ ሲነሣ፣ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መጫን አቃታቸው፤ ኤንፒኤምም በሰዓታት ውስጥ መመለስ ግድ ሆነበት። ኤክስዜድ ላይም ተንኮለኛው ሰው የገባው የደከመን ብቸኛ ሰው እረዳለሁ ብሎ ነው። ሸክሙ በጥቂት ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ የእኛም ሥራ ያለ ጠባቂ ነው። የምንረዳበት መንገድ ሞልቷል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚታይ ችግር ሲገጥመን በሚደገም ምሳሌ አስደግፈን ለፕሮጀክቱ እንንገር። የመጫኛ ሰነዱን በአማርኛ ጽፈን እናቅርብ። በግዕዝ ፊደልና በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር የሚፈትሹ ቴስቶችን እናበርክት። ይህን ሥራ ከእኛ የተሻለ የሚሠራው የለም።

ስለዚህ ነገ ቢሯችሁ ስትገቡ ከምትሠሩባቸው ፕሮጀክቶች አንዱን ክፈቱ። የገቡትን ላይብረሪዎች ዝርዝር አውጡና በስም እወቋቸው። ቨርዥናቸውን መዝግቡ። የጊዜ ገደብ የሌለበትን፣ ማጣራት የጠፋበትን፣ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን መስመር ፈልጋችሁ አርሙ። መዝገቡን ይዛችሁ በባዶ ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው ጫኑትና መሥራቱን አረጋግጡ። ካልሠራ የጎደለውን ጨምሩ። ይህን ያደረገ ባለሙያ ደንበኛው «በምትሠራው ነገር እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው ማስረጃውን አቅርቦ «አዎ» ማለት ይችላል። የሙያችን ክብር የሚለካው ያንን «አዎ» ለማለት በመቻላችን ነው።